የልክነሽ ጥልፍ ጀርባ

ከከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ፣ ሐይቆቹን ቁልቁል ከሚያዩት ሆቴሎች በአንዱ፣ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የእጅ ጥልፍ ተሰቅሏል። አዞ አለበት፣ ጉማሬ አለበት፣ መረብ የሚጥል ዓሣ አስጋሪ አለበት፣ ከተራራው እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉበት። ጫፉ ላይ የሜዳ አህዮች ቆመዋል። ከእነሱ አንዱ ሰማያዊ ነው። ሌሎቹ እንደ ማንኛውም የሜዳ አህያ በነጭ ላይ ጥቁር ሰንበር አላቸው፤ የእሱ ሰንበር ብቻ ሰማያዊ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ ይቆምና ይራቀቃል። አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ «ይሄ ብቸኝነትን ነው የሚያሳየው» ብሎ ለሚስቱ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳቄን ከሻዬ ጋር ዋጥኩት።

ምን ብቸኝነት አለ? ያን ጥልፍ የሠራችው ልክነሽ ናት፤ ጎረቤቴ። የዚያ የሜዳ አህያ ነገር ቤቷን ሊያፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። የሺመቤት እባላለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አስተማሪ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ለጥቂት ጊዜ ነው ተብለን መጥተን እዚሁ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ቀረን። ከልክነሽ ጋር አንድ አጥር ተጋርተን ነው ፀጉራችን የሸበተው። ስለዚህ ስለ እሷ የምናገረው ከወሬ አይደለም።

ልክነሽ ሰው አታምንም። ይሄን ስላችሁ ትንሽ ጠርጠር ታደርጋለች ማለቴ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሁላችንም ጫማችንን ደጁ ላይ አውልቀን እንገባለን፤ እሷ በፌስታል ጠቅልላ ነጠላዋ ሥር ይዛው ትገባለች። «በቅዱስ ሚካኤል ደጅ ማን ይሰርቃል?» ስላት «እሱን ሚካኤል ይወቅ፣ ጫማው ግን የእኔ ነው» አለችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዋ ሰው እንዳይቀመጥ መጨረሻ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። መቀሷን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ስትተኛም አታወልቀውም መሰለኝ። ክር ስትገዛ ደግሞ ነጋዴው ጥቁር ነው ቢላት፣ እኔ ጥቁር ነው ብላት፣ መንደሩ ሁሉ ቢምልላት አትሰማም፤ ከሱቁ ይዛው ትወጣና ፀሐይ ላይ አገላብጣ አይታ ነው የምትመለሰው። ቤቷም ውስጥ እንዲሁ ናት። እያንዳንዱን ክር መርፌ ላይ ከመሰካቷ በፊት ደጅ ወጥታ በፀሐይ ታየዋለች። «ቀለም ቤት ውስጥ ይዋሻል» ትላለች።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። የተወለደችው ላይ ደጋው፣ ጨንቻ ነው፤ አባቷ ሸማኔ ነበሩ። እዚያ ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሴት ልጅ ሸማኔው እግሩን ዘርግቶ ወደሚቀመጥበት ጉድጓድ አትጠጋም። ልክነሽ ግን ልጅ ሆና አባቷ ለምሳ ሲነሱ ጠብቃ ገብታ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ደረሱባትና በአርጩሜ አስወጧት፤ «እንዝርትሽን ያዢ» ተባለች። ያንን እስከ ዛሬ ስትናገር ድምጿ ይቀየራል። በኋላ አንዲት መነኩሲት ለሴት ልጆች ጥልፍ ሲያስተምሩ እሷም ሄደች። መርፌን ማንም አልከለከላትም፤ እንደያዘች ቀረች።

ጋሽ ኦይታን አግብታ ወደ ሲቀላ ስትወርድ ነው አውሬውን ያየችው። ጋሽ ኦይታም የጨንቻ ሸማኔ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ከጓሮ ዳሳቸው ሥር ካለችው ጉድጓዳቸው ወጥተው ሰላም ለማለት እንኳ የሚያፍሩ ሰው። ልክነሽ ጫሞ ዳር አዞ ስታይ ሌላው ሰው ወደ ኋላ ሲል እሷ ቁጭ ብላ የጀርባውን ሰንበር ታጠና ነበር። ከዚያ በኋላ ያየችው ሁሉ ጨርቋ ላይ ይወጣል፤ ዝንጀሮው፣ ቆርኬው፣ ዓሣ የሚይዘው ንስር። ሰውንም አትተውም። በሚኒባስ ከሴቻ ሲቀላ እስክንወርድ ድረስ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠችውን ሴትዮ አፍጥጣ እያየች ትመጣለች፤ ሴትዮዋ ቡዳ ናት ብላ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። በሳምንቱ ያቺው ሴትዮ ከነአፍንጫዋ የትራስ ልብስ ላይ ተጠልፋ አገኛታለሁ።

መጠርጠር የጀመረችበትን ዘመን አውቀዋለሁ፤ አዲሱ ሚሌኒየም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንድ ዘናጭ ሰው ከአዲስ አበባ መጣና ሥራዋን አይቶ ጉድ አለ። «ይሄን ለትልቅ ቦታ ነው የማቀርብልሽ» አለና ምርጡን የአዞ ጥልፏን ናሙና ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ሄደ። ሄደ ነው የምላችሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲቀላ ገበያ ስንዞር አንድ ጎረምሳ የለበሰው ካናቴራ ላይ አዞ ታትሞ አየን። ልክነሽ ክው ብላ ቀረች። የእሷ አዞ ሽፋሽፍት አለው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለአዞ ሽፋሽፍት ትሠራለታለች። የካናቴራውም አዞ ሽፋሽፍት ነበረው። ልጁን ደረቱን ይዛ «ከየት አመጣኸው?» ስትለው ልጁ ያበደች ሴት መስላው ሮጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው።

እንግዲህ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ያ ሆቴል ሊከፈት ሲል ባለቤቱ ራሱ ቤቷ ድረስ መጣ። ለግድግዳው ትልቅ ጥልፍ ፈለገ፤ አገሩን የሚያሳይ፣ አውሬውንም ሰውንም። ፆሙ ሲፈታ ይመረቃል ተባለ። ልክነሽ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ ይዛ አታውቅም። ያቺ በአርጩሜ ከሸማ ጉድጓድ የወጣች ልጅ ሥራዋ ያን ሁሉ ሰው ፊት ሊሰቀል ነው። ጋሽ ኦይታ ጨርቁን ራሳቸው ሸመኑላት፣ የእንጨት መወጠሪያም አበጁላት፣ ሳሎኑ መሐል ቆመ። ልክነሽም እንደ ታቦት በሰማያዊ መጋረጃ ሸፈነችው።

ያን ጊዜ ቤት ውስጥ አንድ አዲስ ሰው ነበረች፤ ምራቷ ማራኪ። ልጇ ልዑልሰገድ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሴቻ ሰው ሲያመላልስ ነው ያገኛት። አባቷ የዞን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከወሎ የመጡ፤ እሷ ሴቻ ተወልዳ ያደገች፣ የተማረች፣ ረጋ ያለች ልጅ። ልክነሽ ገና ከሠርጉ ማግስት ጀምራ «የሴቻ ልጅ እኔ ቤት ምን ፈልጎ ወረደ?» ትለኝ ጀመር። አማርኛ የአፍ መፍቻዋ ባይሆንም ስትጫወት ጥሩ ነው፤ ስትናደድ ግን ይደባለቅባትና ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርገዋለች። «ልጅሽን ወዳ ነዋ» አልኳት። «ልዑልሰገድን ማን ይወዳል?» አለችኝ፤ የገዛ ልጇን። ማራኪ ትምህርት ቤት ትንሽ ጥልፍ መማሯን የሰማች ቀን ደግሞ ነገሩ አበቃ። እንደ ልክነሽ አባባል ልጅቷ የመጣችው የአዞውን አጠላለፍ ልትሰርቅ ነው።

በዚያው ሰሞን ልክነሽ ሁሉ ነገር ያጠራጥራት ገባ። ነጋዴው የደበዘዘ ክር ይሸጥልኛል ትላለች። መብራት ኃይል ኃይሉን ቀንሶብኛል ትላለች። አምፖሉን ማራኪ በአነስተኛ ለውጦብኛል ትላለች። ፀሐይዋንም ሳትጠረጥራት አትቀርም። ጋሽ ኦይታ አንድ ቀን ቀስ ብለው «ልክነሽ፣ ዓይንሽ ደክሞ እንዳይሆን፣ ሐኪም ቢያየው» አሏት። ድምጿ አጥር ዘሎ ተሰማኝ፤ «ማን ልኮህ ነው? ሥራውን ለማን ልትሰጥብኝ ነው?» ብላ ቤቱን አናወጠችው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ስለ ዓይን ተናግረው አያውቁም። ለብዙ ሳምንትም አኮረፈቻቸው፤ ምግባቸውን እንኳ በማራኪ በኩል ነበር የምታቀርብላቸው።

ታዲያ አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ጠራችኝ። «የሺዬ፣ ነይ። ብቻሽን ነይ።» ስገባ መጋረጃውን ገልጣ፣ መወጠሪያውን አዙራ የጥልፉን ጀርባ ወደኔ አደረገችው። ጥልፍ ጠላፊ ሰው ጀርባውን አይቶ ነው ሥራ የሚለየው፤ ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል። የልክነሽ ጀርባ ንጹሕ ነው። ቋጠሮ የላትም፤ የክሩን ጫፍ በተሠራው ሥር አሹልካ ነው የምትደብቀው፤ ቋጠሮ የሰነፍ ነው ትላለች። እጄን ይዛ ጣቴን የሜዳ አህዮቹ ላይ አስኬደችው። ቆረቆረኝ። ትንንሽ ቋጠሮዎች፣ አንድ ሁለት አይደሉም።

«ይሄ የኔ እጅ ነው?» አለችኝ።

አይደለም። እኔም አወቅኩት።

«ሰው ገብቶበታል። የኔን እየፈታ፣ እየተማረ፣ መልሶ ይሰፋዋል። ትምህርት ቤት ጥልፍ ሲያስተምሩ ቋጠሮ ነው የሚያስተምሩት። ይሄ ልጅ ሌባ ነው።» ማራኪን ማለቷ ነው።

«ተይ እንጂ» አልኳት፤ ግን ከልቤ አልነበረም። ያ ቋጠሮ ከሰማይ አልወረደም።

ከዚያ በኋላ ልክነሽ የምትሠራውን ብታዩ። ከራሷ ላይ አንድ ሽበት ነቅላ መጋረጃውንና መወጠሪያውን አያይዛ አሰረችና ገበያ ሄደች። ስትመለስ ተበጥሷል። ሌላ ቀን ሄድኩ ብላ ከመንገድ ተመለሰች፤ እኔንም እየጎተተች ነው የመጣችው። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። በጠራራ ፀሐይ። ስናንኳኳ ማራኪ ከውስጥ ኡሁ ኡሁ ብላ ሳለች፤ ጤነኛ ሰው እንደሚያስመስለው ሳል። ከዚያ ወዲያ ወዲህ የሚል የእግር ድምፅ፣ ከዚያ የጓሮው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ስትከፍትልን ፊቷ ቀልቷል፤ ቀሚሷ ላይ አንዲት ጥቁር የጥልፍ ክር ተጣብቃለች። ልክነሽ ምንም ሳትል ክሯን አነሳችና የመቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

እኔ ግን የከነከነኝ የጓሮው በር ነበር። ልጅቷ ብቻዋን ከሆነች በጓሮ በር የወጣው ማን ነው? ነገሩ የጥልፍ ብቻ ባይሆንስ ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልዑልሰገድን አሰብኩት፤ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚውለውን ልጅ። በማግስቱ ማራኪን ቧንቧ ጋ ውሃ ስትቀዳ አገኘኋትና «ልጄ፣ እኔ እናትሽ ነኝ፤ ምን እየተደረገ ነው?» አልኳት።

ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አስተካከለች። «እትዬ የሺ፣ አልችልም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

«እሱን ከነገርኩማ ቃሉ የት ቀረ?» አለችና ጀሪካኗን ተሸክማ ሄደች።

በል እንግዲህ ጠርጥር አይደለም የሚባለው! ቃል ሰጥቻለሁ የሚል ሰው ያስፈራል። ለልክነሽ ግን አልነገርኳትም፤ እሳት ላይ ቤንዚን ምን ያደርጋል።

ልክነሽ ግን ጨርሳ ነበር። ዶሮዋ ሞተች፣ ጣቷን መርፌ ወጋት፣ ቀና ብላ ስትሄድ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨች፤ ይሄን ሁሉ ደማምራ «ጎሜ ገብቷል» አለች። ጎሜ የሚሉት ነውር ሠርቶ የደበቀ ሰው በቤቱ ላይ የሚያመጣው መዘዝ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩትም ሲጨንቃቸው ይሄን ቃል ያነሳሉ። ጎሜ አለ ከተባለ ቤተሰቡ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ የደበቀውን ያወጣል፤ ከዚያ ይታረቃል። ልክነሽ ግን ለእርቅ አልነበረም ያሰበችው። «ካመነ ይቀመጥ። ካላመነ ወደ አባቱ ቤት ወደ ሴቻ ይውጣ። ሆቴሉም ሳይመረቅ ይውጣ» አለች። ልዑልሰገድ በእናቱና በሚስቱ መሐል ሆኖ ከስቶ ነበር፤ ባጃጁን አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አየሁት።

ለሽምግልና የተጠሩት ሀላቃ ዳልጮ ናቸው፤ በጉልምስናቸው ጨንቻ ላይ ሀላቃ ሆነው ሰፈሩን ያስተዳደሩ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ የሸመኑ ሽማግሌ። እኔ በጎረቤትነት ተቀመጥኩ። ማንጎው ጥላ ሥር ክብ ሠራን። ሀላቃ ዳልጮ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው «የደበቃችሁትን አውጡ፤ የወጣ ነገር አይገድልም» አሉ።

ልዑልሰገድ ጀመረ። የባጃጁን መብራት ከአህያ ጋሪ ጋር አጋጭቶ ሰብሮ ድንጋይ ተወርውሮ ነው ብሎ እንደዋሸ ተናገረ። ልክነሽ እጇን አወናጨፈችበት፤ የፈለገችው ይሄን አልነበረም። ጋሽ ኦይታ ተራቸው ሲደርስ መሬት መሬት እያዩ «ቆይ፣ እኔ እመለሳለሁ» አሉ። ልክነሽ «እኔ የደበቅኩት የለም» አለች፤ ወዲያው።

ማራኪ ተነስታ ቆመች። ከኋላዋ በሩ ሥር ሻንጣዋ ቀድሞ ታስሮ ተቀምጧል፤ አየሁት። «የደበቅኩት አለ» አለች። «ግን የራሴ አይደለም። የሰው ነው፤ አልናገርም። እማማ ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ።»

«ሰማችሁ?» አለች ልክነሽ። «ከአፉ ሰማችሁ?» ብድግ ብላ ገባች፤ ከልጇ ጋር መወጠሪያውን ተሸክመው አመጡት። መጋረጃውን ገፈፈችውና ጀርባውን ወደ ሀላቃ ዳልጮ አዞረች። የሽማግሌውን እጅ ይዛ፣ የኔን እንደያዘችው፣ የሜዳ አህዮቹ ላይ አስኬደችው። «ይሄን ቋጠሮ ይዩልኝ። በኔ ሥራ ላይ ቋጠሮ።»

ሀላቃ ዳልጮ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጎንበስ ብለው ቀረብ አድርገው አዩት። ከዚያ ሣሩን መሬት አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ የመርፌ ሰው ቋጠሮ አይደለም» አሉ። «ድር ሲበጠስብን የምንቀጥልበት ነው። እኔ ይሄን ስቋጥር ነው ያረጀሁት። ሴት አትቋጥረውም፤ ማን አስቀምጦ ያስተምራታል?»

ልክነሽ ግራ ገባት። የሸማኔ ልጅ፣ የሸማኔ ሚስት፣ ቋጠሮውን በጣቷ ደጋግማ ዳስሳዋለች፤ ግን ከጉድጓዱ ተባርራ ስላደገች አታውቀውም። «ሸማኔ ቤቴ ገባ ማለት ነው?» አለች። «የትኛው ሸማኔ?»

«ሸማኔማ ከቤትሽ መቼ ወጥቶ ያውቃል?» አሉ ሽማግሌው።

ሁላችንም ወደ ጋሽ ኦይታ ዞርን። የጓሮው በር ትዝ አለኝና አፈርኩ። የጓሮው በር የሚወስደው ወደ ሸማ ጉድጓዳቸው ነው።

ልክነሽ ባሏ ላይ አፈጠጠች። «አንተ? ማን ልኮህ ነው?»

ጋሽ ኦይታ አልተቆጡም። ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ ሁልጊዜ በሚናገሩበት በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው «ልክነሽ» አሉ። «ጫፍ ላይ ያለው የሜዳ አህያ፣ እኔ ገና ያልደረስኩበት፣ ሰንበሩን በምን ቀለም ነው የሠራሽው?»

«በጥቁር ነዋ። የሜዳ አህያ በምን ይሠራል?»

ሰንበሩ ሰማያዊ ነበር። እንደ ልጇ ባጃጅ ሰማያዊ። ልዑልሰገድ አንገቱን ደፋ። ልክነሽ መወጠሪያውን ብቻዋን እየጎተተች ከጥላው አውጥታ ፀሐይ ላይ አቆመችው፤ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋ ጨርቁን እስኪነካ ድረስ አየችው። «ጥቁር ነው» አለች። ቀና ብላ ፊታችንን አንድ በአንድ አየች፤ ከሚኒባስ ውስጥ አፍንጫ ሰርቃ የምትወጣው ሴትዮ፣ ያን ቀን የማናችንም ፊት የሚነግራትን ማንበብ አልቻለችም። «ተማክራችሁ ነው?» አለች። ድምጿ ሲቀጥን በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

«ሁሉንም እንደዚያ ነበር የሠራሽው» አሉ ጋሽ ኦይታ። «የሴቶቹንም ፀጉር፣ የንስሩንም ክንፍ። ገበያ ስትሄጂ እየፈታሁ በጥቁር መለስኩት። ማራኪ ክር እየሰካችልኝ፣ በር እየጠበቀችልኝ። ወንድ ሆኜ መርፌ ይዤ ሰው እንዳያየኝ አፈርኩ፤ ማንም እንዳይሰማ አስምያታለሁ። ለአንቺ ደግሞ ነግሬሽ ነበር። አላመንሽኝም።»

ልክነሽ ተመልሳ መጣችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ተቀመጠች ከማለት ወደቀች ማለት ይሻላል። ሰው ሁሉ ሲያታልለኝ ኖሯል ብላ የሞተችለት ነገር ሁሉ፣ የደበዘዘው ክር፣ የተለወጠው አምፖል፣ ኃይሉ የቀነሰው መብራት፣ የገዛ ዓይኗ ሆኖ ተገኘ። ተነስቼ ላቅፋት ስል ሀላቃ ዳልጮ በዓይናቸው አስቀመጡኝ። ማራኪ አሁንም ቆማለች። ልትወጣ ትሁን ልትቀመጥ አላወቀችም፤ ውጪ ያለቻት ልክነሽ ናት፣ ተቀመጪ የምትለውም እሷ ናት።

ጋሽ ኦይታ የቀረውን አንዱን ነገ እጨርሰዋለሁ ሲሉ ነው የነቃችው። «እሱን እንዳትነኩት» አለች። «እሱ የኔ እጅ ነው። እንዳለ ይሰቀል።»

ከዚያ የክር ሣጥኗን አምጡልኝ አለች። ዓሣ አስጋሪው ፀጉር አልነበረውም፤ እሱ ብቻ ነበር የቀረው። ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ክር መርጣ አወጣች። ሁላችንም እግራችንን ሰበሰብን፤ ክር ይዛ ወደ ፀሐይ ስትሄድ መንገድ መልቀቅ ለምዶብናል። እሷም ለመነሳት እጇን መሬት ላይ አስደገፈች። ከዚያ መነሳቱን ተወችው።

«ማራኪ።»

«አቤት እማማ።»

«ይሄ ጥቁር ነው?»

ማራኪ ቀረብ ብላ አየችው። እውነቱን መናገር ከብዷት እንደሆነ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። «አይደለም እማማ። ሰማያዊ ነው።»

ልክነሽ ክሩን መለሰችና ሌላ አወጣች። «ይሄስ?»

«ይሄ ጥቁር ነው።»

ፀሐይዋ ከማንጎው ጥላ ትንሽ ወረድ ብላ መሬቱን አልብሳው ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ ይደርሳል። አልዘረጋችም። መቀሷን ከአንገቷ ላይ አውልቃ ክሩን ቆረጠችና፣ መቀሱንም ክሩንም መርፌውንም አንድ ላይ አድርጋ ለማራኪ ሰጠቻት። «በይ ተቀመጪና ሰኪልኝ» አለቻት።